ጦርነት ላይ ያለችው ሱዳን በኑሮ ደረጃ ከኢትዮጵያ በላይ የምትቀመጠው ለምንድን ነው?

የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም፣ በአጭሩ ዩኤንዲፒ፣ የሰብዓዊ ልማት ሪፖርቱን ባወጣ ቁጥር ጎንደር ላይ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የወጣው ሪፖርት ከ193 አገሮች ሱዳንን 170ኛ፣ ኢትዮጵያን 176ኛ አድርጎ አስቀመጠ። በቀጣዩ ዓመት በወጣውም ሱዳን ከኢትዮጵያ በላይ ናት። ሌላ ቦታ ይህ ተነብቦ የሚታለፍ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ጎንደር ግን ከሱዳን ድንበር ላይ ካለችው ከመተማ ዮሐንስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የምትርቀው። ከካርቱምና ከኦምዱርማን ቤት ንብረታቸውን ጥለው የመጡ ቤተሰቦች በዚህ መንገድ ሲያልፉ ነዋሪው አይቷል። ክፍል ያከራያቸውም አለ። «ታዲያ እነሱ ከእኛ የተሻለ ይኖራሉ ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ወገን «ቁጥሩ ውሸት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ «ሱዳን ድሮም ከእኛ ትሻል ነበር፣ ምን ይገርማል?» ይላል። ሁለቱም ጋ የእውነት ቁራጭ አለ። ቁጥሩ ግን ውሸት አይደለም። «ድሮም ትሻል ነበር» የሚለውም ቢሆን ዛሬ ያለውን አያስረዳም። ነገሩን ለመረዳት ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል። ሲታይ ደግሞ ስለ ሱዳን ብቻ ሳይሆን ስለ ጎንደርና ስለ አካባቢዋም የሚናገረው ነገር አለ።

ደረጃው የሚወጣው ከምንድን ነው?

ደረጃው የሚወጣው የሰብዓዊ ልማት መለኪያ ከሚባል ስሌት ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን ሐሳቡን ያመነጨው ፓኪስታናዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ማህቡብ ኡል ሃቅ ነው። ህንዳዊው አማርትያ ሴንም አብሮት ሠርቷል። አገርን በገቢ ብቻ መመዘን ሰውን መርሳት ነው ብለው ተነሱ። ስለዚህ ከገቢው ጎን ጤናንና ትምህርትን አስገቡ።

ስሌቱ በ0 እና በ1 መካከል ያለ ቁጥር ይሰጣል። በ2024ቱ ሪፖርት ሱዳን 0.516፣ ኢትዮጵያ 0.492 አግኝተዋል። ጠባብ ልዩነት ነው። ስድስት ደረጃ የሆነው ከታች ያሉት አገሮች በጣም ተጠጋግተው ስለተደረደሩ ነው።

ጠባብም ቢሆን ልዩነቱ ከየት መጣ? ከዕድሜ አይደለም። አንድ ሰው በአማካይ ይኖራል ተብሎ የሚገመተው ዕድሜ በሁለቱም አገሮች 65 ዓመት አካባቢ ነበር። ከገቢ በኩል ሱዳን ትቀድማለች። የመግዛት አቅም ተስተካክሎ ሲሰላ የሱዳን የነፍስ ወከፍ ገቢ 3,500 ዶላር ገደማ፣ የኢትዮጵያ 2,400 ዶላር ገደማ ነበር።

ትምህርት ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ለሁለት ይከፈላል። ሪፖርቱ ትምህርትን የሚለካው በሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው 25 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በአማካይ ስንት ዓመት ተምረዋል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሱዳን ወደ 4 ዓመት ስትጠጋ ኢትዮጵያ 2 ዓመት ተኩል እንኳ አልሞላችም። ሁለተኛው ዛሬ ትምህርት ቤት የሚገባ ሕፃን በነገሮች አካሄድ ስንት ዓመት ይማራል ተብሎ ይጠበቃል የሚለው ነው። በዚህኛው የምትቀድመው ኢትዮጵያ ናት።

ይህ ሁለት መስመር ብዙ ታሪክ ይዟል። የመጀመሪያው ቁጥር የወላጆችንና የአያቶችን ዘመን ነው የሚናገረው። በንጉሡና በደርግ ጊዜ ገጠር ያደገች ሴት ልጅ ትምህርት ቤት የማየት ዕድሏ ምን ያህል እንደነበር ይናገራል። በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሰው ፊደል አስቆጥሯል። ማንበብና መጻፍ መቻል ግን የክፍል ዓመት ተብሎ አይቆጠርም። ሁለተኛው ቁጥር ባለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት በየቀበሌው የተከፈቱትን ትምህርት ቤቶች ያሳያል። ጥራታቸው ያከራክራል። ልጆች መግባታቸው ግን እውነት ነበር። «ነበር» ያልኩበትን ምክንያት ወደ ኋላ አመጣዋለሁ።

ጦርነቱ ለምን ወዲያው አይታይም?

የሱዳን ጦርነት የተጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ነው። በጄኔራል አብደል ፋታህ አል ቡርሃን የሚመራው የአገሪቱ ጦርና በመሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ (ሄሜቲ) የሚመራው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ካርቱም ውስጥ ተታኮሱ። በ2024 የወጣው ሪፖርት የተሠራው ግን በ2022 መረጃ ነው። ማለትም 170ኛ የተባለችው ሱዳን ከጦርነቱ በፊት የነበረችው ሱዳን ናት። ቀጣዩ ሪፖርት የ2023ን መረጃ ስለተጠቀመ ጦርነቱን በከፊል ነካው።

የጊዜ መዘግየቱ አንድ ነገር ነው። ዋናው ምክንያት ግን ከዚያ ጠለቅ ይላል። መለኪያው ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዳንዶቹ ጎተራ ውስጥ እንዳለ እህል ናቸው። ያለፉት ዓመታት ምርት ስለተጠራቀመ፣ ዘንድሮ ባይታረስም ጎተራው በአንድ ጊዜ ባዶ አይሆንም። ኦምዱርማን ላይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ የ50 ዓመት ሰው ዩኒቨርሲቲው ቢዘጋበትም የተማረባቸው ዓመታት አይቀነሱበትም። ደመወዙ ቆሟል፣ ቤቱ ተዘርፏል፣ ልጆቹ ከትምህርት ውጪ ናቸው። በ«አማካይ የትምህርት ዓመት» አምድ ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ቦታ የለውም።

ሌላም አለ። ጦርነት መረጃ ሰብሳቢውንም ያፈናቅላል። ቤት ለቤት የሚዞር መጠይቅ የለም፣ የዋጋ መዝገብ ይቋረጣል፣ ሆስፒታል ሪፖርት አይልክም። ስለዚህ ባለሙያዎች ያለፈውን መረጃ ይዘው ይገምታሉ። ግምቱ በሙያ የተሠራ ነው፣ ግን ግምት ነው። በዚህ በኩል ኢትዮጵያም የምትኮራበት ነገር የላትም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ነው። የሱዳን የመጨረሻ ቆጠራ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2008ቱ ሲሆን ያኔ ደቡብ ሱዳን ገና አልተለየችም። ነፍስ ወከፍ የሚባል ነገር ሁሉ ለሕዝብ ቁጥር ተካፍሎ ነው የሚወጣው። አካፋዩ ራሱ ከተቆጠረ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

ስለ ድህነት የሚወጣው ሌላው ዝርዝር፣ ዘርፈ ብዙ የድህነት መለኪያ የሚባለው፣ ይበልጥ ግልጽ ምሳሌ ነው። ይህ መለኪያ ገቢን ትቶ የቤተሰቡን ኑሮ በአሥር ነገር ያያል። ልጅ ሞቷል ወይ? የሚበላ በቂ ነው ወይ? ልጆች ይማራሉ ወይ? ውሃ፣ መጸዳጃ፣ መብራት፣ የቤቱ ወለል፣ የማብሰያው ማገዶ ይቆጠራል። በዚህም ሱዳን ከኢትዮጵያ የተሻለች ሆና ትወጣለች። የሱዳኑ መረጃ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ከተደረገ የቤተሰብ ጥናት የተወሰደ ነው። የኢትዮጵያን ቁጥር ወደ ታች ከሚጎትቱት አንዱ ማገዶ ነው። አብዛኛው የኢትዮጵያ ቤተሰብ በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው የሚያበስለው። በካርቱም ግን በጋዝ ማብሰል የተለመደ ነበር። ይህ በእናቶችና በሕፃናት ሳንባ ላይ የሚያመጣው ልዩነት እውነተኛ ስለሆነ መለኪያው መቁጠሩ ትክክል ነው። ችግሩ ያ የጋዝ ምድጃ ዛሬ ያለበትን የሚያውቅ አለመኖሩ ነው።

ዶላር ሲያወዳድር

በሰው አፍ ላይ ብዙ ጊዜ የሚመላለሰው ጂዲፒ የሚባለው ነው። ጥቅል የአገር ውስጥ ምርት ማለት ነው። በአንድ ዓመት አገር ውስጥ የተመረተው ዕቃና አገልግሎት በገንዘብ ሲተመን የሚገኝ ድምር። አገር ከአገር ለማወዳደር ይህ ድምር ወደ ዶላር ይቀየራል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፣ ከዚያም ጨመረ። በዚህ ምክንያት የኢትዮጵያ ምርት በዶላር ሲሰላ በአንድ ጊዜ አነሰ። እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም የገንዘብ ድርጅት ኬንያን በጠቅላላ ምርት ከኢትዮጵያ በላይ ሲያስቀምጥ «ኬንያ በለጠችን» የሚል ወሬ የተናፈሰው ለዚህ ነው። የደምቢያ ገበሬ ያመረተው ጤፍ ግን አልቀነሰም። የተለወጠው መተመኛው ነው። ከዚያ በፊት በይፋዊው ምንዛሬ ሲሰላ የነበረው ቁጥር ደግሞ ከልክ በላይ ተነፍቶ ነበር። ያኔ ቁጥሩን ይዞ ሲፎክር የነበረ ሰው አሁን ሲወርድ ስሌቱን ሊወቅስ አይችልም።

ከጓዳ ብናየው ነገሩ የበለጠ ይገባል። በ2018 ዓ.ም መግቢያ በተደረገው የደመወዝ ማስተካከያ አዲስ የዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆነ። በድሮው 57 ብር ቢመነዘር ከ200 ዶላር በላይ ነው። በ140 ብር ቢመነዘር 82 ዶላር ገደማ። ሰውየው ግን በዶላር አይገዛም። ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ሽሮ፣ ሽንኩርትና ከሰል የሚገዛው በብር ነው። የቤት ኪራዩም በብር ነው። በሌላ በኩል ዘይት፣ ነዳጅና መድኃኒት ከውጭ ስለሚመጡ ዶላሩን ተከትለው ይወጣሉ። ስለዚህ ኑሮው በዶላር ስሌቱ ልክ በግማሽ አልወደቀም፤ «ምንም አልሆነም» የሚባልም አይደለም።

ይህን ለማስተካከል ነው ባለሙያዎች የመግዛት አቅም ስሌት የሚጠቀሙት። ሐሳቡ አንድ ዓይነት አስቤዛ በየአገሩ ስንት እንደሚያወጣ አይቶ ገቢውን በዚያ ማረም ነው። ከተራው ምንዛሬ በጣም ይሻላል። ግን እሱም ቋሚ ዋጋና መዝገብ ይፈልጋል። በሱዳን ከጦርነቱ በፊት ወደ 600 ፓውንድ ይመነዘር የነበረው ዶላር በ2025 በጥቁር ገበያ ከ2,000 ፓውንድ በላይ ሄዷል። አንድ ከተማ ከሌላው በጦር ግንባር ተቆርጦ ዱቄት በየቦታው በተለያየ ዋጋ በሚሸጥበት አገር «የአገሪቱ አማካይ ዋጋ» ማለት ብዙም ትርጉም የለውም።

«ድሮም ትሻል ነበር» የሚለውስ?

እውነት አለው። ሱዳን ነዳጅ መላክ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት ካርቱም ላይ ሕንፃው፣ መኪናው፣ ሥራው በዛ። ኢትዮጵያም ቤንዚን ከሱዳን ታስገባ ነበር። ከጎንደር ገጠርና ከተማ ለሥራ ገላባትን ተሻግሮ ገዳሪፍና ካርቱም የገባው ሰው ብዙ ነው። ሻይ ሸጦ፣ ቤት ሠርቶ፣ ሾፌር ሆኖ የላከው ገንዘብ እዚህ ቆርቆሮ ቤት ሆኗል፣ የልጅ ትምህርት ሆኗል። ሰው በእግሩ ሄዶ የመሰከረውን ልዩነት በክርክር መካድ አይቻልም።

ያ ሀብት ግን ጠባብ መሠረት ነበረው። ሐምሌ 2003 ዓ.ም ደቡብ ሱዳን ነፃ ስትወጣ ከነዳጅ ምርቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ አብሯት ሄደ። የአሜሪካ ማዕቀብ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ባንኮቿን ከዓለም ነጥሎ አቆይቷል። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም ዳቦ ሲወደድ አትባራ ላይ የተነሳው ተቃውሞ ኦማር አል በሽርን በአራት ወር ውስጥ ከሥልጣን አወረደ። በ2021 እ.ኤ.አ. የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ400 በመቶ በላይ ደረሰ። ማለትም ጦርነቱ የመጣው ኑሮ አስቀድሞ በተናጋበት አገር ላይ ነው።

ሌላው ነገር አማካይ የሚደብቀው ነው። የሱዳን ሀብት ካርቱም ላይ የተከማቸ ነበር። ዳርፉር ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ነበረች። የካርቱም ነዋሪና የዳርፉር ተፈናቃይ አንድ ላይ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ ከሁለቱ የማንንም ኑሮ የማይመስል ቁጥር ይወጣል። ከሦስት ሱዳናውያን አንዱ ገደማ ከተሜ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሜው ከአምስት አንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ይህ ብቻውን የመብራቱን፣ የትምህርቱንና የማብሰያውን ልዩነት ግማሽ መንገድ ያስረዳል።

ኢትዮጵያ በጣም ተለውጣለች የሚለው ክርክርም መሠረት አለው። ከአዘዞ መተማ አስፋልት ገብቷል። ከጎንደር ተነስቶ በሸኸዲ አልፎ ገዳሪፍ የሚደርሰው 230 ኪሎ ቮልት መስመር ለሱዳን ኤሌክትሪክ ለመሸጥ ተዘርግቷል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የህዳሴው ግድብ ተመርቋል። ግን ከኢትዮጵያውያን ግማሽ ያህሉ አሁንም መብራት የላቸውም። ጎንደር ከተማ ራሷ ውሃ በፈረቃ የምታገኝ ናት። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ጀሪካን ይዞ መሰለፍ የኑሮው አካል ሆኗል። ትልቅ ግንባታ መኖሩና ቧንቧው መንጠባጠቡ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። አንዱ ሌላውን አያስተባብልም።

የሳሉግ ሂሳብ

ሁለቱን አገሮች በየዓመቱ በእግሩ የሚያወዳድር አንድ ሰው አለ። ሳሉግ ይባላል። ከደጋው፣ ከዳባትና ከደባርቅ፣ ከጎጃምም ጭምር ወደ መተማ፣ ቋራና ሑመራ ወርዶ ሰሊጥ የሚያርምና የሚያጭድ የቀን ሠራተኛ ነው። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ከደረሰ በኋላ ፍሬው ያለበት ቋት ተከፍቶ መሬት ላይ ይዘረገፋል። ስለዚህ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው አጭር ጊዜ ባለሀብቱ ሠራተኛ ይሻማል። የጉልበት ዋጋ በቀናት ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ከድንበሩ ማዶ ገዳሪፍም ያው ሰሊጥና ማሽላ አለ። ሳሉጉ የሚከፈለውን ያያል፣ ከዚያ በሂሳቡ ውስጥ ብዙ ነገር ያስገባል። ፓውንዱ ወደ ብር ሲመነዘር ስንት ይሆናል? እንበል፣ ከጦርነቱ በፊት አንድ ወር ሠርቶ 60,000 ፓውንድ ቢይዝ ዶላሩ 600 ፓውንድ በነበረበት ጊዜ 100 ዶላር ነበር። ዶላሩ 2,400 ፓውንድ ሲሆን ያው ገንዘብ 25 ዶላር ነው። ምግቡን ማን ይችላል? ውሃው ከየት ነው? ያጠራቀመውን ይዞ ሲመለስ መንገድ ላይ ይዘረፋል ወይ? ከታመመስ?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል አይደለችም። በዚያ ቆላ ወባ አለ። ካላ አዛርም አለ። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። በብዛት የሚይዘው ዋልካው በተሰነጣጠቀበት ሜዳ ላይና በግራር ሥር ያለ አጎበር የሚያድረውን የቀን ሠራተኛ ነው። ብዙዎቹ የሚታከሙት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። አንድ ወር ሠርቶ ሁለት ወር የተኛ ሰው ምን ያህል አተረፈ?

ይህ ሂሳብ ከዩኤንዲፒው ስሌት የሚለየው አንድ ነገር ስላለበት ነው። ሳሉጉ ገቢውን ብቻ አይቆጥርም። ገቢው እጁ ገብቶ ቤቱ እስኪደርስ ያለውን አደጋ አብሮ ያባዛል። ከጦርነቱ ወዲህ የገዳሪፉ ወገን ኪሳራ የሆነው በዚህ ስሌት ነው። የመተማው ወገንም ቢሆን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት የድሮው መተማ አይደለም። መንገድ ይዘጋል። ሰው ይታገታል። ሳሉጉ ከደጋው መውረዱን ትቶ ቤቱ ሲቀር ሰሊጡ ማሳ ላይ ይረግፋል፣ ቤተሰቡም ለዓመት የሚሆነውን ጥሬ ገንዘብ ያጣል። በሁለቱም አገር ስሌት ውስጥ የጎደለው ይሄ ነው።

ሰላም በየትኛው አምድ ይገባል?

የሰብዓዊ ልማት መለኪያ ሰላም የሚባል አምድ የለውም። ተቺዎቹ ይህን ጉድለት ይሉታል። ደጋፊዎቹ ደግሞ «ሰላም ሲጠፋ ዕድሜ ያጥራል፣ ትምህርት ይቋረጣል፣ ገቢ ይወርዳል፣ ስለዚህ ዞሮ ዞሮ ይገባል» ብለው ይመልሳሉ። መልሳቸው ትክክል ነው። ግን ዞሮ እስኪገባ ስንት ዓመት ይፈጃል? ለኔ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

በሱዳን ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ሰሜን ዳርፉር ውስጥ በዘምዘም ካምፕ ረሃብ መግባቱ በይፋ ተረጋገጠ። በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. የሰሜን ዳርፉር ዋና ከተማ ኤል ፋሸር በፈጥኖ ደራሹ እጅ ወደቀች። ወደ ምዕራብ ጎንደር ከተሻገሩት ብዙዎቹ ኩመርና አውላላ በተባሉ መጠለያዎች ሰፈሩ። እዚያም ጥቃትና ዘረፋ ስለበዛባቸው በ2016 ዓ.ም መጠለያውን ጥለው መንገድ ዳር የወጡ ነበሩ። ከጦርነት ሸሽቶ ሌላ ግጭት ውስጥ የገባ ሰው ኑሮ በየትኛው አገር አማካይ ውስጥ ይቆጠር?

እዚህ ላይ ቀደም ብዬ ያቆየሁት ነገር ይመጣል። ኢትዮጵያ ሱዳንን የምትቀድመው ልጆች ይማሩታል ተብሎ በሚጠበቀው የዓመት ብዛት ነው። አማራ ክልል ውስጥ ግን በግጭቱ ምክንያት ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆነዋል። በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ክልሉ የተረፈለትን ብቸኛ ብልጫ እያጣ ነው ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም አንደኛ ክፍል መግባት የነበረባት የሰባት ዓመት ልጅ ሳትገባ ከቀረች ጉዳቱ ዘንድሮ በአዋቂዎች አማካይ ላይ አይታይም። 25 ዓመት የሚሞላት በ2034 ዓ.ም ነው። ከዚያ በኋላ እሷን የሚቆጥር ሪፖርት ሁሉ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ከዚያም እስክትሞት ድረስ ከአምዱ አትወጣም።

ለዚህ ነው የሱዳንን ደረጃ አይቶ መናደድም መሳቅም ቦታውን የሳተ ነው የምለው። ካርቱም ያጠራቀመችውን እየበላች ነው። ጎንደር ደግሞ ገና እያጠራቀመች የነበረችውን አቋርጣለች። ከሁለቱ የቱ ይከፋል ቢባል መልሱ ለማንም ቀላል አይደለም።

ከዚህ በኋላ ምን ይጠበቃል?

በሚቀጥሉት ሪፖርቶች ሱዳን መውረዷ አይቀርም። አዳዲስ ጥናቶች ሲደረጉ ደግሞ መውረዱ ድንገተኛ ሊመስል ይችላል። ኢትዮጵያ አልፋት ልትቀመጥ ትችላለች። ያን ቀን «ሱዳንን በለጥናት» የሚል ዜና ከተሰማ መታየት ያለበት ኢትዮጵያ የወጣችበት አምድ ነው። የኢትዮጵያ የራሷ ቁጥር ከፍ ብሎ ነው ወይስ የሱዳን ወርዶ? የሚጠበቀው የትምህርት ዓመት ጨመረ ወይስ ቆመ? ደረጃ ማለት ሰልፍ ነው፤ የፊተኛው ሲወድቅ ያልተንቀሳቀሰውም ወደፊት ይጠጋል።

ሁለተኛው ነገር ንግድ ነው። የሱዳን ጦርነት ሲበርድ መልሶ ግንባታው እህል፣ ከብት፣ ኤሌክትሪክና ጉልበት ይፈልጋል። የቅርቡ በር መተማ ነው። ያኔ ደመወዝና ዋጋ በጎንደር ገበያ ላይ በአንድ ጊዜ ሊንቀሳቀስ ይችላል። እህል ወደ ማዶ ሲሳብ ለአምራቹ ጥሩ ዋጋ ነው፣ ለከተማው ደመወዝተኛ ግን የኑሮ ውድነት። የመተማ መንገድ ሰላም ካልሆነ ደግሞ ያው ዕቃ በኮንትሮባንድ ያልፋል። ትርፉን የሚይዘውም ገበሬው ሳይሆን ጠመንጃ የያዘው ይሆናል።

ሦስተኛው የሰው ጉዳይ ነው። ከሱዳን የመጡት መካከል ሐኪሞች፣ መምህራን፣ መሐንዲሶች አሉ። በሱዳን አማካይ ውስጥ ያሉት እነዚያ የትምህርት ዓመታት እዚህ ሥራ ላይ ቢውሉ ሁለቱም ይጠቀሙ ነበር። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም ያወጣችው የስደተኞች አዋጅ ሥራ የመሥራት መብትን በመርህ ደረጃ ይፈቅዳል። የሥራ ፈቃዱና የትምህርት ማስረጃ ማረጋገጫው ግን መንገዱ ረጅም ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ከዘመድ በሚላክ ገንዘብ ነው የሚኖሩት። ልጆቻቸውም በአረብኛ ጀምረውት የነበረውን ትምህርት በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ከየት እንደሚቀጥሉ አያውቁም።

የሕዝብ ቆጠራ ቢካሄድ፣ ክልሉ በየመስከረሙ የተመዘገበውን ተማሪ ብዛት በየወረዳው ግልጽ አድርጎ ቢያወጣ፣ ጎንደር ላይ የሚነሳው ጥያቄ የተሻለ መልስ ያገኝ ነበር። እስከዚያው ከካርቱም ጋር ሳይሆን ከራስ ጋር መወዳደር የሚቻልባቸው ቁጥሮች አሉ። በ2015 ዓ.ም በአንድ ወረዳ ስንት ልጆች ነበሩ የተመዘገቡት፣ ዘንድሮስ ስንት? ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣ ነበር፣ አሁንስ? አንድ ኩንታል ጤፍ የአዲስ ምሩቅ መምህርን ደመወዝ ምን ያህሉን ይወስድ ነበር፣ ዛሬስ?